የምናውቀው አብሯቸው እንዳይሄድ

(በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር፣ ለጋዜጣው እንዲመች ትንሽ የተስተካከለ)

ከቤተ ክርስቲያን የመጣችሁ አላችሁ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፣ ድካሙ ፊታችሁ ላይ ይታያል። ስለዚህ አላስረዝምም። አላስረዝምም ያለ ሁሉ እንደሚያስረዝም ደሞ አውቃለሁ።

ሰብሳቢያችን «ዕውቀት በማኅበር ውስጥ እንዴት ይቆያል በሚለው ላይ ተናገሪ» ስትለኝ ሳቅኩ። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ይሄ የዩኒቨርሲቲ ሰው ርእስ ነው አልኳት። እሷ ግን «ስልኩን የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ያየሽውን ተናገሪ» አለችኝ። እሺ፣ ያየሁትን ነው የምናገረው።

በ2024 መስከረም ላይ ጦርነቱ ሲብስ እዚህ ሊባኖስ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከደቡብም ከዳሂዬም ሰው ሁሉ ሲሸሽ አሠሪዎችም ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። አንዳንዷን ይዘዋት ሄዱ። አንዳንዷን «ቤት ጠብቂ» ብለው በር ቆልፈውባት ሄዱ። አንዳንዷ መንገድ ላይ ቀረች። መጠለያ ከሆኑት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የአገሩን ሰው ብቻ ነው የምንቀበለው አሉን። የማኅበሩ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይጮሃል። የት እናሳርፋቸው? ኢቃማ የሌላትን የሚያስገባ አከራይ ማን ነው? ሌሊት የሚነዳልን የታመነ ሹፌር ማን ነው? ለልጅ ወተት የሚሰጥ ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አልነበሩም። በ2020 ሊራው ወድቆ፣ ኮሮና ገብቶ፣ ኦገስት 4 ደሞ የቤሩት ወደብ ፈንድቶ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሴቶችን ከነሻንጣቸው አውጥተው ሲጥሉ፣ ይሄ ማኅበር ያንን ሁሉ ሠርቶታል። ቤት አግኝቷል፣ ሩዝና ዘይት አካፍሏል፣ የመውጫ ወረቀት አስጨርሷል። ግን በ2024 ያንን ከሠሩት ውስጥ የቀረችው አንዷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ አገር ገብተዋል፣ አንዷ ካናዳ ናት፣ አንዷ ተይዛ ተባራለች። ያኔ ጸሐፊ የነበረችው ስትሄድ ለቲኬት ማሟያ ስልኳን ሸጣ ነው የሄደችው። ከስልኩ ጋር የአከራዩም፣ የሹፌሩም፣ የነርሷም ቁጥር ሄደ። የድምፅ መልእክቱ ሁሉ ሄደ። እሷን አልወቅስም። ከሦስት ዓመት ነፃ አገልግሎት በኋላ ስልኳን ሸጣ መሄዷ እሷን ሳይሆን ማኅበሩን ነው የሚያስወቅሰው።

እኛ ሀ ብለን ጀመርን። ያወቁት ቢኖሩ በሁለት ቀን የሚያልቀው ነገር ሳምንት ፈጀብን። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሕፃን ይዛ የሕንፃ ደረጃ ላይ ያደረች ሴት አለች። ዕውቀት ጠፋ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ደረጃ ነው።

ለሌላ ድርጅት ሠራተኛ ቢሄድበት ፋይሉ ቢሮ ይቀራል። እኛ ቢሮ የለንም። ደሞ እንደምታውቁት የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ፣ የ1946ቱ፣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጓል። ስለዚህ መብትሽ ይሄ ነው ብሎ የሚነግረን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቤታችን አይመጣም። ያለን እርስ በርስ የምንነጋገረው ነው። በ2015 ጥር ላይ የቤት ሠራተኞች ሠራተኛ ማኅበር ቤሩት ውስጥ ሲመሠረት መንግሥት እውቅና አልሰጠውም፤ በ2016 መጨረሻ ላይ ደሞ ከመሪዎቹ አንዷ የነበረችው ኔፓላዊት ተይዛ ወደ አገሯ ተባረረች። ከሷ ጋር ምን ያህል ነገር እንደሄደ አስቡት። በኛ ሁኔታ የምታውቅ ሰው ድንገት መሄዷ አደጋ አይደለም፣ የተለመደ ነው። ተለምዶ ለሚመጣ ነገር ደሞ መዘጋጀት ይቻላል።

ዕውቀት ስል ቁጥርና አድራሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልውሰድና ልዘርዝረው፦ ስልክ ማንሳት።

ስልክ ማንሳት ምን ዕውቀት አለው ትሉ ይሆናል። የተቆለፈባት ልጅ ስትደውል በሹክሹክታ ነው። ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ ነው። ያልለመደች ሰው ካነሳችው «ሃሎ፣ ማን ልበል? ከየት ነሽ? ምን ሆነሽ?» ትላታለች። ያቺ ልጅ ምን ብላ ትመልስ? ማዳም ከበሩ ውጪ ናት። የለመደችው ግን ቶሎ ብላ «እኔ ልጠይቅሽ፣ አንቺ አዎ ወይም አይ ብቻ በይ» ትላታለች። እንዲህ ሲሆን ማዳም ብትሰማም አዎና አይ ብቻ ነው የምትሰማው፣ ከእህቷ ጋር የምታወራ ይመስላታል። ዛሬ በልተሻል? ተመተሻል? ቁልፉ እነሱ ጋ ነው? ይሄ ስልክ ያንቺ ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ትልቅ ናት። ስልኩ የማዳም ከሆነ እኛ መልሰን የደወልን ቀን ልጅቱን አጋለጥናት ማለት ነው።

ከዚያ ቤቱ የት እንደሆነ ማወቅ አለ። አብዛኛዋ አታውቅም። ከኤርፖርት በመኪና ገብታለች፣ ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ለመጣል ካልሆነ ከበሩ አልወጣችም። አድራሻሽ የት ነው ብትያት ታለቅሳለች እንጂ አትነግርሽም። ስለዚህ ሌላ ሌላውን ትጠይቂያታለሽ። ከበረንዳው ባሕር ይታያል? ጠዋት የምትሰሚው ደወል ነው አዛን? እታች ያለው ፋርማሲ ምን የሚል ጽሑፍ አለው? ማንበብ ካልቻለች ፎቶ አንስታ ትላክ። ኢንተርኔት ካላት ሎኬሽን መላክ ታሳያታለሽ፣ እሱም በፎቶ። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ደሞ በየወሩ የጄኔሬተሩ ሰውዬ ለኪራይ የሚያመጣት ቁራጭ ወረቀት አለች። እሷ ላይ ብዙ ጊዜ የጄኔሬተሩ ስም ወይም ስልክ አለ። አንድ ጄኔሬተር የሚያበራው አንድ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ተገኘ ማለት ነው።

የጄኔሬተሯን ወረቀት ዘዴ ያመጣችው አንዲት ታላቅ እህታችን ናት፣ አሁን አገሯ ገብታለች። የትም አልጻፈችውም። እኔ የተማርኩት አጠገቧ ተቀምጬ ስታወራ እየሰማሁ ነው። «እስቲ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪኝ» ብላት ኖሮ ግማሹን አትነግረኝም ነበር። ልትደብቀኝ ብላ አይደለም። ማወቋን ራሷም አታውቀውም፣ እጇ ላይ ነው ያለው። ድምፅዋን እንዴት እንደምታለሰልስ፣ መቼ ዝም እንደምትል፣ ይሄ በወረቀት አይተላለፍም።

አንድ ሥልጠና ላይ የሰማሁት ታሪክ አለ፣ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጂን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ላይቤሪያ ሄዳ ልብስ ሰፊዎች ለማጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ አጠናች። ልብስ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቅ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ቁልፍ ይተከላል፣ ይተኮሳል። ትምህርቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለማጁ የሚጀምረው ከመጨረሻው፣ ከቁልፉና ከጠርዙ ነው። መቀሱን የሚይዘው ኋላ ነው። ለምን ብትሉ፣ ቁልፍ ቢበላሽ ተፈትቶ እንደገና ይተከላል፣ በመቀስ የተበላሸ ጨርቅ ግን ገንዘብ ነው። ደሞም ቁልፍ ሲተክል ያለቀውን ልብስ በእጁ ይዞ ያየዋል፤ እጅጌው የት እንደገባ፣ ኪሱ እንዴት እንደተቆረጠ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በኋላ በ1991 ኤቲየን ዌንገር ከሚባል ሰው ጋር ሆና መጽሐፍ አወጣችበት። ሰው ከእውነተኛው ሥራ ዳር ገብቶ ቀስ በቀስ ወደ መሀል ሲመጣ ነው የሚማረው ነው ነገሩ።

እኔ ይሄን ስሰማ የእናቴ ጓዳ ነው የታየኝ። ከመሀላችን እንጀራ መጋገር በደብተር የተማረች አለች? መጀመሪያ ጭራሮ አምጪ ተባልን። ከዚያ ምጣዱን አሰሺ። ከዚያ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ክደኚ። አንድ ቀን እናትሽ ገበያ ትዘገያለች፣ ሊጡን አንቺ ታዞሪዋለሽ። የተጣመመ እንጀራ ይወጣል፣ ይበላል።

አገር ቤት የወጣው የሥራ ስምሪት አዋጅ፣ የ2008ቱ ቁጥር 923፣ ለውጭ ሥራ የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች እንድትሆንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይል ነበር። ሥልጠና መኖሩ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ክሎሮክስን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። ይሄን የመሰለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ማሳወቅ ይቻላል፣ እያንዳንዷም ሳትሳፈር ብታውቀው ነፍስ ያድናል። ማዳም በተቆጣች ጊዜ እንዴት እንደሚቆም፣ ሦስት ወር ያልተከፈለ ደመወዝ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ክፍል ውስጥ አይለመድም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ማኅበራችን አዲስ የመጣችውን ምን ያደርጋታል? ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። መዋጮ ትከፍላለች፣ ታጨበጭባለች፣ ቡና ጠጥታ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ትቆይና አንድ ቀን የሚያውቁት ሲሄዱባት «በይ አንቺ ያዢ» ትባላለች። ቁልፍ ሳናስተክላት መቀስ ሰጠናት ማለት ነው። ከዚያ ስትፈራ «የዛሬ ልጆች ኃላፊነት አይወዱም» እንላለን።

እድርን እዩ። እድር መሥራቾቹ ሞተውም ይኖራል። መተዳደሪያ ደንብ ስላለው ነው ይባላል፣ እኔ ግን ደንቡን ያነበበ ሰው ብዙ አላውቅም። እድር የሚኖረው ሁሉም ተራ ስለሚደርሰው ነው። ድንኳን ሲተከል ጎረምሳው ካስማ ይይዛል፣ ልጁ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል፣ ሴቷ ድስቱን ቆጥራ ትረከባለች ቆጥራ ታስረክባለች። ንብረት ክፍሉ ቢሞት ድስቱ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ አሥር ሰው አለ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር፣ እዚህ ያላችሁም እንዳታዝኑብኝ። የሚያውቁትን የማያካፍሉ እህቶች አሉ። «እኔ ሰው አለኝ» ይላሉ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ አይነግሩም። አንዳንዷ ገንዘብ ስለምትበላበት ነው፤ እሱን በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አብዛኛዋ ግን ለገንዘብ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስሟ እንኳ በትክክል የማይጠራ ሴት እሑድ እዚህ ስትመጣ «እሷን ጠይቁ፣ እሷ ታውቃለች» ይባልላታል። ያቺን ክብር እንዴት አሳልፋ ትስጥ? እኔ አልፈርድባትም። ግን ክብሩን ሌላ ቦታ እናድርገው። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብ «ይቺ እህት ይሄን ያህል ጉዳይ ጨረሰች» ብቻ ሳይሆን «ይሄን ያህል ሰው አስለመደች» ይባል።

ጻፉት፣ ቅረጹት የሚለውም አለ። እስማማለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ያስፈራኛል።

የመጀመሪያው፣ ወሬ ያረጃል። በ2020 ሴፕቴምበር የሊባኖስ ሥራ ሚኒስቴር አዲስ የቤት ሠራተኛ ኮንትራት አወጣ። ፓስፖርትሽን ራስሽ ትይዣለሽ፣ ያለ አሠሪሽ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ የሚል ነበረበት። ደስታ ነበር። በኦክቶበር የኤጀንሲ ባለቤቶቹ ከሰው የአገሩ የመንግሥት ምክር ቤት የሚባለው ፍርድ ቤት አገደው። አንድ ወር ገደማ ነው የቆየው። የደስታው ቮይስ ግን ከግሩፕ ግሩፕ እየዞረ ለዓመታት ቆየ። ያንን ሰምታ «ሕጉ ይፈቅድልኛል» ብላ ማዳምን የተጋፈጠች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን የተቀማች ልጅ አውቃለሁ። ቮይሱን የላከው ሰው ውሸታም አልነበረም፤ የላከው ዕለት እውነት ነበር። ስለዚህ የምንይዘው ነገር ሁሉ ቀን ይኑረው። «ማን አለ? መቼ? ከኛ ውስጥ ይሄን መንገድ ሄዳ ያየችው አለች?» እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ አናስተላልፍ። በየስድስት ወሩ ደሞ አንድ ሰው ቁጭ ብላ ያረጀውን ትሰርዝ። መሰረዝም ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ስልክ ይያዛል፣ ይፈተሻል። በማኅበሩ ስልክ ውስጥ የፓስፖርት ፎቶ፣ የቤት አድራሻ፣ ከቤት የወጣች ልጅ ያለችበት ቦታ ካለ አንድ ሰው ስትያዝ አሥር ሰው ተያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንለይ። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይጻፋል። ማን እንደሆነች አይጻፍም። ጉዳይዋ ያለቀ ዕለት ፎቶዋ ከስልኩ ይጥፋ፣ እሷ ባለችበት።

ምን ዓይነቱ ነገር ደብተር ላይ እንደሚሻል በአንድ ልንገራችሁ፦ የሞተች እህትን አስከሬን ወደ አገር መላክ። የሐኪም ወረቀት አለ፣ የፖሊስ አለ፣ ፓስፖርቷን ከአሠሪው ማስመጣት አለ፣ የቆንስላ ደብዳቤ አለ፣ የሣጥንና የአየር መንገድ አለ፣ አገር ቤት የሚቀበል ዘመድ አለ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ይሄን ቅደም ተከተል እያለቀሰ በቃሉ የሚያስታውስ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ «መጀመሪያ ወዴት? ምን ወረቀት ይዤ? ስንት ብር?» የሚል አንድ ገጽ ደብተር ከመቶ ምክር ይበልጣል። እሱንም የሠሩት ሰዎች ከቀብሩ ማግሥት ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ሳይረሱት ይናገሩ፣ አንዷ ትጻፍ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ማን አጠፋ ለማለት አይደለም፣ የትኛው በር በከንቱ ተንኳኳ ለማለት ነው። ማንበብ ለሚከብዳት፣ አማርኛም ለማይቀናት፣ ያው ገጽ በድምፅ ይነበብ። በኦሮምኛና በትግርኛ የሚሉልን እዚሁ አሉ። አንድ ቮይስ አንድ ጉዳይ ይሁን፣ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ ሲጀምር ቀኑን ይበል። አሥር ደቂቃ የሚናገር ቮይስ ማንም አይሰማውም፤ እኔም አልሰማም።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። የማኅበሩ ሲም ካርድ የማኅበሩ ይሁን፣ የአንድ ሰው የግል ቁጥር አይሁን፣ ጸሐፊ ስትቀየር ሲሙ ይረከባት። ስልክ ተራ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥ፣ አንዷ የለመደች አንዷ አዲስ። አዲሷ መጀመሪያ ወር ትስማ ብቻ፣ ሰዓቱን ትጻፍ፣ ሁለተኛው ወር ላይ «መልሰን እንደውልልሽ» ማለቱን እሷ ትበል። ሆስፒታልም፣ ሥራ ሚኒስቴርም፣ ፖሊስ ጣቢያም ማንም ብቻዋን አትሂድ። የሰርቪስ ታክሲው ሂሳብ ለሁለት ሰው ይወጣል፤ ገንዘብ ያዣችን ፊቷን ስታጨፈግግ አየኋት፣ ግን ከማስተማሪያ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው።

አገር የምትገባም እህት ሻንጣዋን ከማሰሯ በፊት አንድ እሑድ ለኛ ትስጠን። ስጦታና ፎቶ አለ፣ ኬክ እንቆርጣለን፣ ጥሩ ነው። ከኬኩ በፊት ግን ሁለት ሰው አጠገቧ ይቀመጡና ያውሯት። የጄኔሬተር ወረቀቷን የመሰለ ነገር እያንዳንዷ ጋ አለ። ከሄዱትም ጋር መስመሩ አልተቆረጠም። አዲስ አበባም ደሴም ያሉት ዋትሳፕ አላቸው፣ ብንደውል ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ባለፈው ወር አንዷን ደውዬ የ2020ውን አከራይ የሰፈር ስም በጭንቅላቷ እንደያዘችው አገኘሁት። ሰውየው አሁንም አለ፣ አሁንም ያከራያል።

የመጀመሪያው የስልክ ተራ የሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። የለመዱ አራት ሰዎች ስማቸውን ሰጥተዋል። አራት አዲስ ያስፈልጉናል። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶውን ግን ስትጨርሱ መልሱልኝ።